ስም፣ ብሔርና ማይክሮፎን፦ ከባሕር ዳር ሲታይ

የመጡበትን ብሔር የሚያሳብቅ ስምን ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሥራ ሲሉ መለወጥ በብዙ አገር የቆየ ልማድ ነው። በኢትዮጵያም አለ፤ አካሄዱ ግን ይለያል። እዚህ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም የለም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ የአባቱ ይከተላል። ትውልድን ቶሎ የሚናገረውም አብዛኛውን ጊዜ ያ ሁለተኛው ስም ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ደግሞ የሚለወጥ ስም ካለ፣ የሚለወጠው ሰውየው ስቱዲዮ ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ በክርስትና ዕለት ወይም ትምህርት ቤት ሲመዘገብ።

የውጭው ምሳሌ በአብዛኛው የሚጠቀሰው ከአሜሪካ ነው። የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ አቅራቢው ላሪ ኪንግ ብሩክሊን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ሲወለድ ሎውረንስ ዛይገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ማያሚ በሚገኝ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሊጀምር ሲል ኃላፊው «ዛይገር» ዘርን የሚያሳብቅ፣ ለአድማጭም የማይያዝ ስም ነው አለው። እሱም፣ ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ጋዜጣ ላይ ከነበረ የመጠጥ አከፋፋይ ማስታወቂያ «ኪንግ» የሚለውን አነሳ። ዲትሮይት የተወለደው የሊባኖስ ድሩዞች ልጅ፣ የሬዲዮ ሙዚቃ አቅራቢው ከማል አሚን ቃሲም ደግሞ ለአድማጮቹ «ኬሲ» ሆኖ የአባቱን ስም እንደያዘ ቀረ። በእንግሊዝ ነገሩ በተቃራኒው ሄዷል። የቢቢሲ ዜና አንባቢዎች ስማቸውን በአየር ላይ መናገር የጀመሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ጀርመኖች አስመስለው ቢያሰራጩ አድማጩ እውነተኛውን ድምፅ በስሙ እንዲለይ ታስቦ ነበር። ከእነዚያ ስመ ጥር ድምፆች አንዱ፣ አልቫር ሊዴል፣ የስዊድናውያን ልጅ ነበር፤ ስሙን ማንም አላስለወጠውም።

በጣና አካባቢ ሁለትና ሦስት ስም መያዝ ማንንም አያስገርምም። የኦርቶዶክስ ልጅ፣ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ተጠምቆ የክርስትና ስም ይቀበላል፤ ሰፈርተኛው የሚያውቀው ግን ሌላውን ነው። በደሴት ገዳማቱ የሚመነኩስ ሰውም ከቆቡ ጋር አዲስ ስም ያገኛል። የጥንት ጦረኞች «አባ» እየተባለ የሚጀምር የፈረስ ስም ነበራቸው። ንጉሥም ሲነግሥ ስሙን ይለውጥ ነበር፤ የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሆኖ ነገሠ። በእንዲህ ያለ አገር የመድረክ ስም ማውጣት ክህደት አያስብልም። ክህደት ይሆናል ከተባለ፣ የአባትን ስም መተው ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ያየ ይህን ይረዳል፤ ከልጅነት ስሙ ወደ ክርስቲያን ስም ተሻግሮ የጦር ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሰ፤ «ዲነግዴ» የሚለው የአባቱ ስም ግን እስከ መጨረሻው አብሮት ነበር።

ትልቁ የስም ለውጥ የተካሄደው በትምህርት ቤት ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ ባደረገበት ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ በብዙ አካባቢ መምህር ወይም መዝጋቢ ለአፉ ያልተመቸውን ስም ለውጦ ይጽፍ ነበር። ልጁ አድጎ ለዜና አንባቢነት ሲወዳደር ስሙ አስቀድሞ «ለጆሮ የሚመች» ሆኗል። አገው አዊ ዘንድ ይህም አያስፈልግም፤ አብዛኛው ከጥንት ጀምሮ የሚጠራው በአማርኛና በግዕዝ ስም ስለሆነ፣ ከአዊዋ ባንጃ የመጣን ጋዜጠኛ ከአማራው አካባቢ ከይልማና ዴንሳ ከመጣው በስም መለየት ከባድ ነው። በሐይቁ ዳር ታንኳ ሠርተው፣ ዓሣ አጥምደው የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ቋንቋቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ አማርኛ ይናገራሉ፣ ሙስሊሞች ናቸው፤ ስማቸውም ብዙ ጊዜ ከሌላው ሙስሊም አይለይም። የሚያሳብቅባቸው ሰፈራቸው ነው። ሰፈርን ደግሞ ስም ቀይሮ መደበቅ አይቻልም።

ባሕር ዳር የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን መቀመጫ ነች። በኩር ጋዜጣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው እዚሁ ሲሆን፣ ዛሬ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የሚባለው ተቋም ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጣንኛና በአፋን ኦሮሞ ያሰራጫል። ይህ የስሙን ሂሳብ ገልብጦታል። ለአማርኛ ዜና «ያልተለመደ» የሚመስለው ስም፣ በኦሮምኛው ዝግጅት ከሚሴ ያለ አድማጭ «የእኛ ሰው ነው» የሚልበት ነው። በእኔ አስተያየት ሰው ወደ መነሻ ስሙ እንዲመለስ፣ ስምን ስለማክበር ከሚሰጥ ስብከት ይልቅ ይህ የሥራ ገበያ የበለጠ ሠርቷል።

ማንም ሳይወስን የሚደረግ የስም ለውጥ ግን ቴሌቪዥን ላይ በየቀኑ አለ፤ ከአቅራቢው ደረት በታች በሚወጣው ጽሑፍ። በአፋን ኦሮሞ ያለው «ዸ» በተለመደው የአማርኛ ፊደል ገበታ ላይ የለም። ስለዚህ «ዹጋሳ» ለጽሑፍ ሲቀርብ «ዱጋሳ» ይሆናል፤ ዜና አንባቢውም ያየውን ያነባል። አገውኛዎቹ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አላቸው፤ ለእሱ «ጘ» የሚለው ፊደል ቢኖርም ጸሐፊው ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሲያጣው «ኝ» ወይም «ንግ» ይተካበታል። የማጥበቁና የማላላቱ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም፤ ኦሮምኛ ደግሞ አናባቢንም ያስረዝማል፤ ስሙን ከባለቤቱ አፍ ያልሰማ አንባቢ ወይ አጥብቆ ወይ አሳጥሮ ሌላ ሰው ያደርገዋል። ጠንቃቃ አዘጋጅ የእንግዳውን ስም ከመግባቱ በፊት አስጠርቶ፣ የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያደርግለታል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ግን ስንቱ ያደርገዋል?

የኤፍ ኤም መዝናኛ አቅራቢዎች ሌላ መንገድ አላቸው፤ የአባትን ስም ጭራሹን መጣል። በአንድ ስም ብቻ መጠራት ለማስታወቂያና ለጂንግል ይመቻል፤ ብሔርንም ሳይክድ ይሸፍናል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር መኖሩ ሰው የአባትን ስም እንደ መታወቂያ እንዲያነብ አስለምዶታል። በፖለቲካ ውጥረት ጊዜ የአንድ ጋዜጠኛ ዘገባ ሳይሰማ የአባቱ ስም የሚመዘነው ከዚህ የተነሳ ነው። አዲሱ ፋይዳ መታወቂያ ብሔርን አይመዘግብም፤ የአባትንና የአያትን ስም ግን ይመዘግባል።

በሕግ በኩል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ሥርዓት አስቀምጦ ነበር፤ በተግባር ግን አልተለመደም። ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበት የክብር መዝገብ ራሱ ሳይቋቋም አሥርተ ዓመታት አልፎ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ የተደነገገው በ2004 ዓ.ም. ነው። ስሙን በሕግ የሚለውጥ ሰው በቂ ምክንያት አቅርቦ ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ከዚያ ውሳኔውን ይዞ የትምህርት ማስረጃውን፣ የባንክ ደብተሩንና የጡረታ መለያውን አንድ በአንድ ማስተካከል ይጠበቅበታል። ለአየር ብቻ የተወሰደ ስም ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ስለዚህ አብዛኛው አቅራቢ ማይክሮፎን ላይ በአንዱ ስም ይሠራል፣ በደመወዝ መክፈያው ላይ በሌላው ይፈርማል።