በግዛት ታጭቶ ካናዳ ለሚገባ ሰው የሪሞት ሥራ ደንቡ ምንድን ነው?

ማኒቶባ በምትባለው የካናዳ ግዛት፣ ዊኒፔግ ከተማ የሚኖር ሰው አለ እንበል። በማኒቶባ በኩል የቋሚ ነዋሪነት (ፒአር) ሂደት ጀምሯል። በመሃል ሌላ ግዛት፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ካለ አንድ የቶሮንቶ ድርጅት ደህና ደመወዝ ያለው ሥራ ያገኛል። ሥራው ሙሉ በሙሉ ከቤት ነው፤ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ ይበቃል። ሥራውን ቢይዝ ማኒቶባ ምን ትላለች? ፒአሩስ ይበላሽበታል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሐበሻ በሚበዛባቸው በካልጋሪ፣ በኤድመንተንና በቶሮንቶ ቡና ላይ የሚሰጠው መልስ ግን እንደየሰዉ ነው። አንዱ «ፒአር እጅህ ከገባ በኋላ ማንም አይጠይቅህም» ይላል። ሌላው «ከግዛቱ ንቅንቅ ካልክ ይነጥቁሃል» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም ሰውን ዋጋ ያስከፍላሉ። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ሳይታወቀው ሐሰተኛ መግለጫ ሰጥቶ ይገኛል። ሁለተኛውን የሰማ ደግሞ ሕግ የሰጠውን መብት ፈርቶ፣ ያገኘውን እንጀራ ገፍቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ፒኤንፒ የካናዳ ግዛቶች ለሥራ ገበያቸው የሚፈልጉትን ሰው መርጠው ለፌደራሉ መንግሥት የሚያጩበት ፕሮግራም ነው። ቀዳሚዋ ማኒቶባ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ጀመረች። ዛሬ ከኬቤክና ከኑናቩት በስተቀር ሁሉም ግዛቶችና ቴሪቶሪዎች ፕሮግራሙ አላቸው። ኬቤክ የራሷ የምርጫ ሥርዓት አላት። ግዛቱ ያጫል እንጂ ፒአር አይሰጥም። ፒአር የሚሰጠው የፌደራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። የጤናውን፣ የወንጀሉንና የደህንነቱን ምርመራ የሚያየውም እሱ ነው። በኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ ማለትም ፌደራሉ አመልካቾችን በነጥብ አወዳድሮ በሚጋብዝበት ሥርዓት፣ ለተመዘገበ ሰው የግዛት እጩነት 600 ነጥብ ይጨምራል። ይህን ያህል ነጥብ ያገኘ ሰው የግብዣ ደብዳቤው ደረሰው ማለት ይቻላል።

ፕሮግራሙ የመጣው አዲስ ገቢው ቶሮንቶ፣ ሞንትሪያልና ቫንኩቨር ላይ ብቻ ስለሚከማች ነው። ሌሎቹ ግዛቶች ነርስ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ አጥተው ይቸገሩ ነበር። ግዛቱ የሚፈልገው እንግዲህ ሰውየውን ራሱን ነው። እዚያ ቤት እንዲከራይ፣ እዚያ ገበያ እንዲገዛ፣ ልጆቹን እዚያ እንዲያስተምር። ይህን ይዘን ካየነው ደንቡ ለመረዳት አይከብድም።

የፌደራሉ የኢሚግሬሽን ደንብ አንቀጽ 87 በዚህ በኩል ለሚያመለክት ሰው አንድ ግልጽ መስፈርት አለው፦ ባጨው ግዛት ውስጥ የመኖር ሐሳብ ሊኖረው ይገባል። ይህ አንቀጽ የቀጣሪው ዋና መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ አይጠይቅም። የሚያየው ሰውየው የት ሊኖር እንዳሰበ ነው። በዚህ መለኪያ ዊኒፔግ እየኖረ ለቶሮንቶ ድርጅት የሚሠራ ሰው የማኒቶባ ነዋሪ ነው። ለዊኒፔግ ድርጅት ከቶሮንቶ ሆኖ የሚሠራ ሰው ግን አይደለም። ደመወዙ ከማኒቶባ ባንክ መምጣቱ አያድነውም።

የፌደራሉ መስፈርት ይህ ነው። ግዛቱ ለማጨት የሚያወጣው መስፈርት ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ግዛቶች የሚያጩበት መስመር ብዙ ነው። አንዳንዱ መስመር የሚያየው ትምህርትን፣ ሙያን፣ ቋንቋን ወይም እዚያ ያለ ዘመድን ነው። ሌላው ግን የሚቆመው በአንድ በተወሰነ ሥራ ላይ ነው። ይህ ቀጣሪ፣ በዚህ የሥራ መደብ፣ በዚህ ደመወዝ፣ በዚህ ቦታ ቀጥሮታል ተብሎ ነው ሰውየው የሚታጨው። እንዲህ ሲሆን ሥራው የእጩነቱ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ከተነሳ እጩነቱም አብሮ ይወድቃል።

አልበርታን እንይ። «አልበርታ ኦፖርቹኒቲ ስትሪም» በሚባለው መስመር የሚያመለክት ሰው አልበርታ ውስጥ፣ ለአልበርታ ቀጣሪ፣ ሙሉ ጊዜ እየሠራ መሆን አለበት። ከአልበርታ ውጭ ሆኖ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው በዚህ መስመር ብቁ አይደለም። ኦንታሪዮም የሥራ ቅጥርን መሠረት ባደረገው መስመሯ ቀጣሪው አመልካቹ የሚሠራበት ቦታ በግዛቱ ውስጥ እንዲኖረው ትጠይቃለች። ማኒቶባ ደግሞ ቀድሞውኑ እዚያ እየሠራ ያለን ሰው ስታጭ፣ ለአንድ የማኒቶባ ቀጣሪ ቢያንስ 6 ወር መሥራቱንና ሥራው ቀጣይ መሆኑን ታያለች።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰውዬ እንመለስ። የታጨው ማኒቶባ ውስጥ ባለው ሥራው ከሆነ፣ ያንን ሥራ ትቶ የቶሮንቶውን ሲይዝ የታጨበትን ምክንያት ራሱ ጥሎታል። ቤቱ ዊኒፔግ መሆኑ ብቻ አያድነውም። የታጨው ግን በሙያውና በዘመዱ ከሆነ፣ ሥራውም ከዊኒፔግ ቤቱ የሚሠራ ከሆነ፣ የመኖር ሐሳቡ አልተነካም። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት የሪሞት ሥራ ይዘው አንዱ ሲጎዳ ሌላው ምንም ላይሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «እገሌ ሠርቶ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ ማስረጃ አይደለም። እገሌ በየትኛው መስመር እንደታጨ አናውቅም።

አንድ ሌላ ነገር ላክል። «ቀጣሪ አልቀየርኩም እኮ» የሚሉ አሉ። ካልጋሪ ባለ ሥራው ታጭቶ ውጤት እየጠበቀ፣ አለቃው ከቤት እንዲሠራ ስለፈቀደለት ቫንኩቨር ያለ ወንድሙ ጋ የሚገባ ሰው ቀጣሪ አልቀየረም። ግዛት ግን ቀይሯል። የአለቃ ፈቃድ የአልበርታ መንግሥት ፈቃድ አይደለም። በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ እጥፍ ይሆናል፤ በአንድ ቀጣሪ ላይ የታሰረ ወርክ ፐርሚት ቀጣሪውንና የሥራውን ሁኔታ ይወስናል። ለቀጣሪውም ለራስም ሲባል ቦታ ከመቀየር በፊት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው።

ከእጩነት እስከ ፒአር ያለው ጊዜ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። በዚህ መሃል ሕይወት አይቆምም። ሰው ከሥራ ይቀነሳል፣ ያገባል፣ የተሻለ ይመጣለታል። ግዛቶች የሚጠይቁት እንዲህ ያለ ለውጥ ሲኖር እንዲነገራቸው ነው። ሳይነገራቸው ከደረሱበት እጩነቱን ማንሳት ይችላሉ፤ ፌደራሉንም ያሳውቃሉ። ተናግሮ መፍትሔ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከሥራ የተቀነሰ ሰው አዲስ ቀጣሪ አግኝቶ ሂደቱ እንዲቀጥል የሚፈቅዱ ግዛቶች አሉ። ደብቆ ከተገኘ ግን ጥያቄው ስለ ሥራ መሆኑ ይቀርና ስለ እውነተኛነት ይሆናል። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 40 ጠቃሚ ነገር የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረን ሰው ለ5 ዓመት ካናዳ እንዳይገባ ያግዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለፒአርም ማመልከት አይችልም። በሁለት መስመር ኢሜይል መጠየቅ ሲቻል ይህን ያህል አደጋ መሸከም ያሳዝናል። የጠየቁትንም የመለሱትንም አስቀምጡ።

ኮታውም እ.ኤ.አ. በ2025 ጠቦ ነበር። የፌደራሉ መንግሥት ለእ.ኤ.አ. 2025 ለፒኤንፒ የያዘው ዕቅድ 55,000 ነበር። ለ2024 የተያዘው 110,000 ነበር። ቦታ ሲያንስ ግዛቱ ጥያቄ ያለበትን ፋይል የሚታገሥበት ምክንያት የለውም።

ፒአር ከወጣ በኋላስ? እዚህ ላይ ሕጉ በነዋሪው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የመብቶችና የነፃነቶች ቻርተር አንቀጽ 6 ማንኛውም ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ወደየትኛውም ግዛት ሄዶ የመኖርና እንጀራውን የመፈለግ መብት አለው ይላል። በፒኤንፒ የገባን ሰው ለይቶ አያወጣም። ፒአሩ ላይ «ማኒቶባ ብቻ» የሚል ገደብ የለም። ስለዚህ ለሌላ ግዛት ድርጅት ከቤት መሥራት ይቻላል። ሥራውን ተከትሎ መዛወርም ይቻላል።

ታዲያ የማስፈራሪያው ወሬ ከየት መጣ? ከዚያው «የመኖር ሐሳብ» ከሚለው ነው። ፒአሩ በሚረጋገጥበት ዕለት ሐሳቡ እውነተኛ መሆን ነበረበት። ሰውየው ፒአሩ ሳይወጣ ቶሮንቶ ቤት ተከራይቶ፣ ልጆቹን እዚያ አስመዝግቦ፣ «ማኒቶባ ልኖር ነው» ብሎ ከፈረመ፣ የተፈረመው ወረቀትና ኑሮው አይገናኙም። በኋላ ለዜግነት ሲያመልክት የኖረባቸውን አድራሻዎችና የሠራባቸውን ቦታዎች ከነቀናቸው ይጽፋል። ቀኖቹ ይናገራሉ። ማኒቶባ ገብቶ ከልቡ የኖረ፣ ሥራ ፈልጎ ያጣ ወይም ከጊዜ በኋላ የተሻለ ያገኘ ሰው ግን ሐሳቡን የቀየረው በኋላ ነው። ይህ ወንጀል አይደለም። የቤት ኪራይ ውሉን፣ ሥራ ያመለከተባቸውን ኢሜይሎች፣ የጤና ካርዱን ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ቢጠየቅም አይደነግጥም።

እኔ በበኩሌ ግዛቱ ያጨውን ሰው ቢያንስ ከልብ ሊሞክረው ይገባል እላለሁ። ያ ቦታ ከሌላ ሰው ተወስዶ የተሰጠ ቦታ ነው።

ለሌላ ግዛት ድርጅት ከቤቱ የሚሠራ ሰው ልብ የማይለው አንድ ወረቀት አለ። ቀጣሪው በየዓመቱ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ ቲ-ፎር የሚባለውን የደመወዝ ወረቀት ይሰጣል። እዚያ ላይ 10 ቁጥር ሳጥን የሥራውን ግዛት ይጠቅሳል። ዊኒፔግ ተቀምጦ ከቶሮንቶ ቢሮ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሳጥኑ ውስጥ ኦንታሪዮ ተጽፎ ሊያገኝ ይችላል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ «ኦንታሪዮ ነው የሚኖረው ይሉኛል» ብለው ይደነግጣሉ። ሳጥኑ ስለ መኖሪያ አይደለም የሚናገረው። የግዛት ግብር የሚወሰነው ሰውየው ዲሴምበር 31 ቀን በኖረበት ግዛት ነው። ግብሩን ሲያሳውቅ ማኒቶባ ብሎ ይሞላል፤ መኖሪያውን የሚያሳየውም ያ ነው።

ኪስ የሚነካውም እዚሁ ላይ ነው። የኦንታሪዮ ዝቅተኛው የግዛት ግብር 5.05 በመቶ ነው። የማኒቶባ ዝቅተኛው 10.8 በመቶ ነው። ዓመቱን ሙሉ በኦንታሪዮ ስሌት የተቆረጠለት የዊኒፔግ ነዋሪ ኤፕሪል ላይ ልዩነቱን ክፈል ይባላል። ተመላሽ እጠብቃለሁ ሲል ባለዕዳ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀጣሪውን ከእያንዳንዱ ደመወዝ ትንሽ ጨምረህ ቁረጥልኝ ማለት ይቻላል፤ ለዚህ የሚሞላ ቅጽ አለ። እግረ መንገዱንም ሥራው ከማኒቶባ ቤቱ እንደሚሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ ጥሩ ነው። አድራሻው በግልጽ ይጻፍበት።

አዲስ አበባ ሆነው ለካናዳ ድርጅት የሚሠሩ ወጣቶችም ይጠይቃሉ። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለቶሮንቶ ድርጅት ኮድ መጻፍ የካናዳ የሥራ ልምድ ይሆናል ወይ? አይሆንም። የካናዳ ልምድ ተብሎ እንዲቆጠር ሰውየው በአካል ካናዳ ውስጥ ሆኖ መሥራት አለበት። ልምዱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የውጭ አገር የሥራ ልምድ ሆኖ ይቆጠርለታል።

በተቃራኒው ደግሞ ፒአር ይዞ እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ የሚመጣና ላፕቶፑን ከፍቶ ወራት የሚሠራ አለ። ቋሚ ነዋሪ በየ5 ዓመቱ ቢያንስ 730 ቀን ካናዳ ውስጥ መገኘት አለበት። በራሱ ምርጫ አዲስ አበባ ሆኖ የሚሠራባቸው ቀናት እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ ቀጣሪው የካናዳ ድርጅት ቢሆንም፣ ግብሩ ካናዳ ቢከፈልም። የሚቆጠሩት የካናዳው ድርጅት ራሱ ሙሉ ጊዜ ውጭ አገር መድቦ ሲልከው ነው። የምደባውን ደብዳቤ ከመሄዱ በፊት ይዞ መውጣት አለበት። ለዜግነት የሚጠየቀው 1,095 ቀን ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ይህን እንኳ አያስብለትም። በአካል ካናዳ ያልነበረበት ቀን አይቆጠርለትም።