ሙያ ምንድን ነው?

«ባለሙያ ናት» ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ዜና ላይ ከሰማችሁት ሐኪም ወይም የአየር ትንበያ ባለሙያ ትሆናለች። ድግስ ቤት ከሆነ ግን ነገሩ ወጥ ነው። ለዚያውም ዶሮ ወጥ።

ሙያ (ሞያ ብለው የሚጽፉም አሉ) ከሥራ ይለያል። ሥራ የፈታ መካኒክ ሙያው አብሮት አለ። ሥራ ኖሮት ሙያ የሌለውንማ መቼ አጣነው! ሙያ ሲሠሩ ሲሠሩ እጅ ላይ የሚቀር ነገር ነው።

ዶሮዋን እንይ። 12 ብልት ይወጣታል። መቆራረጥ ማንም ይቆራርጣል፤ አጥንት ሳይሰብሩ ከየመገጣጠሚያው ማውጣት ግን ሙያ ነው። ከዚያ ቁሌቱ አለ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በዝግታ ይቁላላል። ቸኩሎ በርበሬ የጨመረበት ሰው ወጡ ሽንኩርት ሽንኩርት ይልበታል። መብሰሉን በሰዓት አይለኩትም፤ ባለሙያዋን ሽታው ይነግራታል። ተበልቶ ሲነሳ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ትባላለች።

ቃሉ ሴት ላይ ሲሆን ክፉም ነው። ሁለት ዲግሪ ያላት ልጅ በአንድ የቀጠነ ሽሮ «ሙያ የላትም» ትባላለች። ወንድሟ እንቁላል ከጠበሰ ግን «አንተ፣ ባለሙያ ሆነሃል!» ይባልለታል።

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል ደግሞ ከወጥ ጋር አይገናኝም። ሙያ ድሮ ጀብዱንም ይጨምር ነበርና። ዛሬ ያሰብከውን ሳታወራ ፈጽም ለማለት ነው። ቪዛ የጀመረ ሰው «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲባል የሚመልሳት እሷን ነው።

አሁን አሁን ክህሎት የሚለው ቃል በዝቷል። ግዕዙ «ክህለ» ነው፤ ቻለ ማለት። በ2014 ዓ.ም. ሥራና ክህሎት የሚባል ሚኒስቴር ሲቋቋም ቃሉ በር ላይ ተሰቀለ። ሁለቱን ግን እንዳሻን አንለዋውጣቸውም። «የመግባባት ክህሎት» እንላለን፤ «የመግባባት ሙያ» ጆሮ ይቆረቁራል። እናቴን ደግሞ ዶሮዋን በልቼ «ክህሎት አለሽ» ብላት «የምን ሥልጠና ልትልከኝ ነው?» ነው የምትለኝ።