የዓሣ «ኬ» ቁጥር ምንድን ነው የሚለካው?

በዓሣ ጥናቶች ላይ «ኬ» የሚባለው ቁጥር ብዙዎቻችሁን ግራ እንዳጋባ ከጥያቄዎቻችሁ ገብቶኛል። «ትልቁ ዓሣ እንዴት ከትንሹ ያነሰ ቁጥር ያገኛል?» ትላላችሁ።

ቁጥሩ የዓሣውን ትልቅነት አይለካም። ለርዝመቱ የሚመጥን ሥጋ መያዙን ነው የሚለካው። ክብደቱን በግራም ወስዳችሁ በ100 ታባዛላችሁ። ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ታባዙና በዚያ ታካፍላላችሁ።

ዝርያቸው አንድ የሆነ ሁለት ዓሦች እንውሰድ። አንዱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ 80 ግራም ነው። 80 በ100 ሲባዛ 8,000 ነው፤ 20 በ20 በ20 ሲባዛም 8,000 ነው። 8,000 ለ8,000 ሲካፈል 1 ይመጣል። ሌላው 30 ሴንቲ ሜትር፣ 216 ግራም ነው። 21,600 ለ27,000 ሲካፈል 0.8 ብቻ ነው። ትልቁ ከትንሹ ይልቅ ከሲታ ነው ማለት ነው።

ስሌቱ ይኸው ነው። ትርጉሙ ግን ይለያያል። አምባዛ በተፈጥሮው ረዘም ቀጠን ያለ ስለሆነ ከቆሮሶ ጋር አታወዳድሩት። ርዝመቱ እስከ ጭራው ጫፍ ነው ወይስ እስከ ጭራው ሥር የተለካው? እሱንም አጣሩ። ወቅቱማ ዋናው ነው። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት ላቢዮባርበስ የሚባሉ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላል የያዘች ዓሣ ትከብዳለች፣ ቁጥሯም ከፍ ይላል። ስትጥል ይወርዳል። በሽታ አይደለም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ፣ ቁጥሩ ስለወረደ ብቻ «ወንዙ ተበክሏል» ብሎ መደምደም ነው። ቁጥሩ መክሳቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ለምክንያቱ ውሃው መመርመር፣ ስንጥቡና ጉበቱም መታየት አለባቸው።