ልጆችን ይዞ ድንገት ትልቅ ከተማ መሄድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዓርብ ማታ አንዱ ወላጅ «ነገ ልጆቹን ይዘን ከተማ ብንሄድስ?» ይላል። ወዲያው ምክንያት ይደረደርና ሐሳቡ ሳይነጋ ይቀራል። ከምክንያቶቹ አብዛኞቹ ሲመረመሩ አይጸኑም። በሌላ በኩል ደግሞ ሰውን ያለ ጥንቃቄ ከቤት የሚያስወጡ፣ ልጆቹን አድክመው የሚመልሱ አመለካከቶች አሉ። ሁለቱንም ማረም ይገባል።

«ገና ሕፃናት ናቸው፤ አያስታውሱትም»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው የሚያስታውሱት ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ጀምሮ ያለውን ነው። ትዝታው የሚጠፋው ግን ወዲያው አይደለም። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ በሦስት ዓመቱ ያየውን በደንብ ሊተርክ ይችላል፤ ትዝታው በብዛት የሚደበዝዘው ከሰባት ዓመት ወዲያ ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጃችሁ ዛሬ ያየው ባቡር ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት የራሱ ሆኖ ይቆያል።

ትዝታው እንዲቆይ የሚረዳው ደግሞ ከጉዞው በኋላ የሚደረገው ወሬ ነው። «ደስ አለህ?» ብቻ ብሎ ከመተው ይልቅ «ያ ትልቁ አጥንት የምን ነበር? ከዚያስ ወዴት ሄድን?» እያሉ ልጁን ማስተረክ ትዝታውን ያጠነክረዋል። በዚህ ጉዳይ የተደረጉ ጥናቶችም ወላጆቻቸው እንዲህ በዝርዝር የሚያወሯቸው ልጆች ያለፈውን የበለጠ እንደሚያስታውሱ ያሳያሉ። ደግሞስ፣ ልጅ አያስታውሰውም ተብሎ የዛሬ ደስታው ለምን ይቀራል?

«ድንገተኛ ጉዞ ከሆነ ዝግጅት ምን ያደርጋል?»

ድንገተኛ የሚሆነው ውሳኔው ነው። ከመነሳት በፊት ግን ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ አራት ነገር ማጣራት የግድ ነው፦ የምትሄዱበት ቦታ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑ፣ ቲኬት አስቀድሞ የሚያዝ መሆን አለመሆኑ፣ ማታ የምታድሩበት ወይም የምትመለሱበት መንገድ፣ የሚዘንብ ከሆነ መጠለያ የሚሆን ሁለተኛ ቦታ። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም መግቢያው ነፃ ቢሆንም ሰዓት የተወሰነለት የመግቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት የጠየቀበት ጊዜ አለ። ለልጅ «ዳይኖሰር ልታይ ነው» ብሎ ተስፋ ሰጥቶ የተዘጋ በር ፊት ማቆም ያሳዝናል፤ ከዚህ የሚያድነው ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

ድንበር የሚያሻግር ጉዞ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ልጅም የራሱ የጉዞ ሰነድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ወላጅ ብቻ ይዞት ሲሄድ ደግሞ ብዙ አገሮች የሌላኛውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህ በአንድ ሌሊት የሚጨርሱት ጉዳይ ስላልሆነ፣ ሰነዱ ከሌለ አገር ውስጥ ያለ ከተማ መምረጥ ይሻላል።

«እዚያ ድረስ ከተሄደማ ሁሉንም ማየት ነው»

ጉዞ የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። በእኔ እምነት ከልጆች ጋር ለአንድ ቀን አንድ ዋና ቦታ ይበቃል። እሱም ጠዋት፣ ጉልበታቸው ሳያልቅና ሰልፉ ሳይረዝም ይታይ። ከሰዓት በኋላ መናፈሻ፣ ወንዝ ዳር፣ አደባባይ፤ ሮጠው የሚደክሙበት ሜዳ ይሁን። አዋቂ ታዋቂውን ሕንፃ ፎቶ ሲያነሳ ልጅ የሚመለከተው እርግቦቹን፣ የሚንቀሳቀሰውን ደረጃ፣ የባቡሩን በር አከፋፈት ነው። ያን ማየቱ ጉብኝት አይደለም ያለው ማን ነው? ለልጁ ከተማው ያ ነው። ሳይርባቸው ማብላት፣ ሳይጠሙ ማጠጣት፣ በተገኘው መጸዳጃ ቤት መጠቀምም የዕቅዱ አካል ይሁን። ቀን መተኛት ያልተወ ሕፃን ካለ የእንቅልፉ ሰዓት አይዘለል፤ የተዘለለ እንቅልፍ ማታ በለቅሶ ይከፈላል።

«ትልቅ ከተማ ከልጆች ጋር ኪስ ያራግፋል»

ማደሪያው እውነት ነው፤ ሊወደድ ይችላል። ቀኑን ማሳለፍ ግን የግድ ውድ አይደለም። በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየምና ዳይኖሰሮች የሚታዩበት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቋሚ ትርዒቶች በነፃ ይጎበኛሉ፤ ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ከፋይ አዋቂ ይዟቸው በምድር ውስጥ ባቡር ያለ ክፍያ ይጓዛሉ። በኒውዮርክ ቁመታቸው ከ112 ሴንቲሜትር የማይበልጥ እስከ ሦስት ልጆች ከአንድ ከፋይ አዋቂ ጋር በነፃ ይሳፈራሉ። የስታተን ደሴት ጀልባም ያለ ክፍያ 25 ደቂቃ ያህል ውሃ ላይ ያንሸራሽራል፤ የነፃነት ሐውልትንም ከሩቅ ያሳያል። ሉቭር ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አያስከፍልም። የምትሄዱበት ከተማ ሌላ ቢሆንም የልጆችን የመግቢያና የትራንስፖርት ቅናሽ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

«የሕፃን ጋሪ ካለ ሁሉ ቀላል ነው»

በሰፊ መንገድ ላይ አዎ። ነገር ግን በኒውዮርክም ሆነ በፓሪስ አብዛኞቹ የቆዩ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች አሳንሰር የላቸውም፤ ጋሪን በሚንቀሳቀስ ደረጃ ላይ መጫን ደግሞ አደገኛ ነው። በአንድ እጅ የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ወይም አንቀልባ ይያዝ።

«መንገድ ላይ ስልክ ከተሰጣቸው ዝም ይላሉ»

ዝም ይሉና ያስመልሳቸዋል። ጉዞ በብዛት የሚያጥወለውለው ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው፤ ስልክ ሲያዩ ደግሞ ይብስባቸዋል፤ ምክንያቱም ዓይን ስክሪን ላይ ተተክሎ ሲቀር ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ግን እንቅስቃሴውን ይሰማዋል። ወደ ፊት፣ በመስኮት ሩቅ እንዲያዩ ማድረግ፣ ንጹሕ አየር ማስገባትና ተረት ማሰማት ይሻላል።

«እጁን ከያዝኩት አይጠፋም፤ ከማያውቀው ሰውም እንዳያወራ ነግሬዋለሁ»

እጅ መያዝ ተገቢ ነው፤ ግን ቲኬት ስታወጡ እጃችሁ ይለቃል። «ከማታውቀው ሰው አታውራ» የሚለው ምክር ብቻውን ደግሞ የጠፋ ልጅ እርዳታ እንዳይጠይቅ ሊያደርገው ይችላል። ልጁ ይህን ይወቅ፦ ከጠፋህ እዚያው ቁም፣ ስማችንን ጮኸህ ጥራ፤ ካልመጣን የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ወይም ልጆች የያዘች እናት ጠይቅ። ሰው «ና እናትህ ጋ ልውሰድህ» ቢለው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ንገሩት። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት የለበሰውን ልብስ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ስልክ ቁጥራችሁን በእጁ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉለት።

ባቡር ላይ ያለው ስምምነት ለብቻው ይነገር። በሩ ተዘግቶ እናንተ ውጭ፣ ልጁ ውስጥ ከቀረ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ መድረኩ ላይ ይጠብቃችሁ፤ እናንተም ለጣቢያው ሠራተኛ ነግራችሁ በቀጣዩ ባቡር ትደርሳላችሁ። እሱ ውጭ ከቀረ ደግሞ ካለበት አይነቃነቅም፤ የምትመለሱት እናንተ ናችሁ። ይህን ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስደግሙት።