ስግድ ምንድን ነው?

ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሰገደ፣ ስግደት፣ መስጊድ፤ ሥረ ቃላቸው አንድ ነው። እንዲያውም ቤተ እስራኤሎች፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ጎንደር ሳሉ የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉት ነበር። ዛሬ ይህን የሚሰማ ሰው ግር ይለዋል።

ስግድ የቤተ እስራኤል በዓል ነው። ከአስተስርዮ፣ ማለትም ዕብራይስጡ ዮም ኪፑር ከሚለው ጾም ተነሥቶ 50 ቀን ይቆጠራል። በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ቀን ነው። በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ይውላል። ሌሎቹ የዓለም አይሁዶች ይህን በዓል አያውቁትም ነበር።

ድሮ ሰዉ ዋዜማውን ከየመንደሩ በእግሩ ይመጣል። አንዳንዱ የቀናት መንገድ አለበት። ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ጎንደር አጠገብ ያለው አምቦበር ነው። ጠዋት ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ እህል ሳይቀምስ ተራራ ይወጣል። ቄሶቹ ባለቀለም ጥላ ተይዞላቸው ኦሪቱን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም አለ፤ ለፈጣሪው ዝቅ ማለቱን ሲያሳይ ነው።

ተራራው የሲና ምሳሌ ነው። እዚያ ላይ አሥርቱ ትእዛዛት በግዕዝ ይነበባሉ። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት ሰዎች ኃጢአታቸውን ተናዝዘው ቃል ኪዳናቸውን ያደሱበት የነህምያ ታሪክም ይነበባል። ግዕዙን ሁሉም ስለማይሰማው ቄሱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉመዋል። ከዚያ ስግደትና ልመና ነው፤ ኢየሩሳሌም አድርሰን እያሉ። ከቀትር በኋላ እየዘፈኑ ወርደው ጾሙን ይፈታሉ። ዳቦው፣ ጠላው፣ እስክስታው ያን ጊዜ ነው።

ለእኔ የስግድ ትልቁ ነገር ይሄ መሰባሰቡ ነው። ቤተ እስራኤሎች እዚህ ጥቂት ቤት፣ እዚያ ጥቂት ቤት ሆነው ተበታትነው ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውም። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ጎረቤት ማረሻውንና ማሰሮውን ይገዛቸዋል፤ ዞር ብሎ ደግሞ ቡዳ ይላቸዋል። እንዲህ የሚኖር ሰው በዓመት አንድ ቀን ተራራ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም ወገኑ ነው። የራቀ ዘመድ ይገናኛል፣ የሞተ ይረዳል፣ የተወለደ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል ብዙ ሰው፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን እስራኤል ገባ። ስግድም አብሮ ተሻገረ። በ2008 የእስራኤል ፓርላማ በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። አሁን ሰዉ አሮጌዋ ኢየሩሳሌም ቁልጭ ብላ ከምትታይበት፣ አርሞን ሃናጺቭ ከሚባለው ቦታ ይሰበሰባል። የሚያመጣው አውቶቡስ ነው። ቄሶቹ በድምፅ ማጉያ ይጸልያሉ፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ወጣቱ በየጥጉ ጨዋታ ይዟል።

«ኢየሩሳሌም ከገባን ወዲያ ኢየሩሳሌም አድርሰን ማለት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ቄሶቹ መልስ አላቸው፦ ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም። ጎንደር ቀርተው እስራኤል ለመግባት ወረፋ ለሚጠብቁት ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይመጣም። እነሱ ዛሬም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው የሚለምኑት ያንኑ የድሮውን ነው።