ማይክሮአግሬሽን ምንድን ነው?

ሴሚናሩ አልቋል። ጥናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ፊት ቆማ ያቀረበችው ጥቁር የውጭ ተማሪ ላፕቶፗን እየዘጋች ነው። መምህሯ ፈገግ እያሉ ይጠጉና «እንግሊዝኛሽ እኮ በጣም ጥሩ ነው!» ይሏታል። ከእሷ በፊት ያቀረበው ልጅም ከውጭ የመጣ ነው፤ እሱም እንግሊዝኛን የተማረው በትምህርት ቤት ነው፤ ቆዳው ግን ነጭ ነው። እሱን የጠየቁት ስለ ናሙና አመራረጡ ነበር። «አመሰግናለሁ» ትላለች። ሌላ ምን ይባላል? አልሰደቧትም። ማታ አልጋዋ ላይ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ስለ ጥናቴ አንድ ቃል ያልተነፈሱት ለምንድን ነው?

ማይክሮአግሬሽን የሚለው ስም የወጣው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ሰውን በዘሩ፣ በቆዳው ቀለም ወይም በመጣበት አገር የተነሳ ዝቅ የሚያደርግ ወይም «አንተ ከዚህ አይደለህም» የሚል መልእክት ያዘለ፣ ላይ ላዩን ግን ተራ ወግ መስሎ የሚያልፍ ንግግር፣ እይታ ወይም አኳኋን ማለት ነው። በአማርኛ የሚቀርበው «አሽሙር» ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ልክ አይመጣም። አሽሙረኛ ሆን ብሎ፣ አስቦበት ነው የሚወረውረው። እዚህ ግን ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ያመሰገነ ነው የሚመስለው።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1970 ያመጡት ጥቁር አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም፣ የሃርቫርዱ ቼስተር ፒርስ ናቸው። ፒርስ መድልዎን በገሃድም ያውቁታል። በ1947 ገና የሃርቫርድ ተማሪ ሳሉ ከዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ጋር ቨርጂኒያ ወርደው ተጫውተዋል። ያኔ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥቁር ተጫዋች ከነጮች ኮሌጅ ጋር ሜዳቸው ላይ መጋጠሙ ያልተለመደ ነበር። ጥቁርና ነጭን የሚለያዩት ሕጎች ከተሻሩ በኋላ ደግሞ ዓይናቸውን የጣሉት በተረፈው ላይ ነው፤ አንዱ ለብቻው ሲነሳ ለክስ በማይበቃው፣ ሲጠራቀም ግን ሰውን በሚያደቀው የዕለት ተዕለት ንቀት ላይ።

በ2007 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ዴራልድ ዊንግ ሱና ባልደረቦቻቸው ነገሩን በሦስት ከፈሉት። የመጀመሪያው ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ የዘር ስድብ፣ አጠገቡ አልቀመጥም ማለት። (በእኔ ግምት ይሄኛው «ማይክሮ»፣ ማለትም ጥቃቅን፣ ሊባል አይገባውም፤ ጥቃት ነው፣ አለቀ።) ሁለተኛው ሳያውቁት የሚያመልጥ ማንኳሰስ ነው፤ ከላይ ያየነው «ምስጋና» እዚህ ይገባል። ሁለቱን ጥቁር ተማሪዎች እያምታቱ መጥራት፣ «ስምህ ይከብዳል፣ ማሳጠሪያ የለውም?» ማለት፣ ስለ ድህነት ሲወራ ክፍሉ በሙሉ ወደ አንዱ ዞሮ ማየት፣ ሁሉም እዚሁ ይመደባሉ። ሦስተኛው የደረሰውን ነገር መካድ ነው፦ «እኔ ቀለም አይታየኝም»፣ «ሁሉን ነገር ከዘር ጋር አታያይዝ»። ተማሪን በጣም የሚያታክተው ይሄ ይመስለኛል፤ ሁለተኛው ሲደርስበት የሚናገርበትን አፍ ይዘጋበታልና።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የተወጋውም መወጋቱን እርግጠኛ አይደለም። ዋናው ጉዳት ያለው እዚህ ጋ ነው። መምህሩ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡኝ ጽሑፌ ደካማ ስለሆነ ነው ወይስ እኔ ስለሆንኩ? ለቡድን ሥራ ያልመረጡኝ ስለማያውቁኝ ነው ወይስ…? ተማሪው ትምህርቱን ከመከታተል እኩል ይህን ሒሳብ ሲያሰላ ይውላል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄኒፈር ክሮከርና ባልደረቦቿ በ1991 ያሳተሙት አንድ ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ክፍል ያለ ነጭ ተማሪ እንደሚገመግማቸው ተነገራቸው። በመሃል መጋረጃ ያለው መስታወት አለ። ለግማሾቹ መጋረጃው ተገልጧል፤ ገምጋሚው ያያቸዋል። ለግማሾቹ ወርዷል። መጥፎ ግምገማ ሲመጣ፣ የታዩት ጥቁር ተማሪዎች ብዙም አልተጎዱም፤ «ቀለሜን አይቶ ነው» ማለት ይቻላል። የሚገርመው ጥሩው ግምገማ ነው። መጋረጃው ተገልጦ ሲመሰገኑ፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ቀነሰ። ምስጋናውም አልታመነም። ጥርጣሬ ከዘለፋ ይጠብቃል፤ ዋጋው ግን የሚገባህንም ሙገሳ አለመቀበል ነው።

ጥርጣሬው ደግሞ ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። በ1992 ተመራማሪው ዶናልድ ሩቢን በአሜሪካ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጭር የተቀዳ ሌክቸር አሰማቸው። ድምፁ የአንዲት አሜሪካዊት ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅጂ ነው የተሰጠው። ለገሚሱ የነጭ ሴት ፎቶ ታየ፣ ለገሚሱ የእስያዊት። የእስያዊቷን ፎቶ ያዩት የውጭ አገር ቅላጼ «ሰሙ»፤ የተነገረውንም ባነሰ ደረጃ ነበር የተረዱት። የዚህን ሙከራ ውጤት ሳስብ «ቅላጼህን አስተካክል» የሚለው ምክር የስንቱን ጊዜ እንዳባከነ ይታየኛል።

ጽንሰ ሐሳቡ ተቺ አላጣም። ስኮት ሊሊንፌልድ የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁር በ2017፣ የትርጉሙ ድንበር ልል ነው፣ የሚያደርሰውም ጉዳት በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም ሲሉ ሞግተዋል። ስለ ድንበሩ እውነት አላቸው። ተራ ባለጌነትን ከዘር ጥላቻ የሚለየው ብዙ ጊዜ መደጋገሙ፣ በእነማን ላይ እንደሚደርስና በእነማን ላይ እንደማይደርስ ነው፤ አንዱን ቀን ብቻ አይቶ መለየት ይከብዳል።

ስለዚህ መጻፍ ያስፈልጋል። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ። ነገሩ ወደ ትንኮሳ ካደገ ሕግ አለ። በብሪታንያ የ2010 የእኩልነት ሕግ የተናጋሪውን ዓላማ ብቻ አይጠይቅም፤ ድርጊቱ ያስከተለውንም ያያል፣ ያ ውጤት ምክንያታዊ መሆኑን ግን ይመዝናል። በአሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ክፍል 6 ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ይይዛል፤ በቪዛ ያለ ተማሪንም ይጠብቃል። ለትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት የሚባለው በመደበኛው በ180 ቀን ውስጥ ነው።

እዚያ ላልደረሰው፣ እንደ ሴሚናሩ ላለው፣ አጭር ኢሜይል ይበቃል፦ «ስለ ናሙና አመራረጤ ያለዎትን አስተያየት ብሰማ ደስ ይለኛል።» መልሱ ሲመጣ ቢያንስ ስለ ሥራው ይሆናል።