ከባድ ማሽን ቤት ጋራዥ ውስጥ መትከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚላጭ ማሽን) ወይም ፍሬሳ (በሚሽከረከር ቢላ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ወደ ቤት ሲገባ ሁሉም የሚፈራው ክብደቱን ነው። ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ግን የማሽኑ መጋደምና ሲተከል የአልጋው (ሌሎቹ ክፍሎች የሚቀመጡበት ረጅም የብረት አካል) መጠማዘዝ ነው።

"ሰው ከበዛ በጉልበት ይነሳል"

የቶርኖ ክብደት እኩል አልተከፋፈለም። ሞተሩና ማንድሪኖው (የሚላጨውን ብረት ይዞ የሚያዞረው ክፍል) በአንድ ጫፍ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ እግሩ ደግሞ ጠባብ ነው። በጎን ትንሽ ከተገፋ ይገለበጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ማንድሪኖው ይውለቅ፤ ጭራው (የሚላጨውን ብረት በሌላው ጫፍ የሚደግፈው ክፍል) እና የቢላ ተሸካሚው ወደ ቀላሉ ጫፍ ተገፍተው ይታሰሩ። ክሪክ የሚገባው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ጠንካራ ጣውላ ከሥር ይደረጋል። ጣውላውን የሚገፋው ሌላ ጣውላ እንጂ እጅ አይደለም። ማሽኑ መጋደም ከጀመረ ማንም ሊይዘው አይሞክር፤ ሁሉም ይሽሽ።

"ቱቦ ላይ ከወጣ መግፋት ብቻ ነው"

ለጥ ባለ ወለል ላይ እውነት ነው። ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ወፍራም የብረት ቱቦዎች ይበቃሉ። መግቢያው ዘቅዛቃ ከሆነ ግን 1,000 ኪሎ ማሽን በ10 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ በ170 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ታች ይሳባል። ይህን ትከሻ አይችለውም። ከላይ በኩል በታሰረ የሰንሰለት ማንሻ ቀስ እየተባለ ይለቀቅ፤ ከታች በኩል ማንም አይቁም።

"የጋራዥ ወለል አይችለውም"

ደህና ተደርጎ የተሞላ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ብዙውን ጊዜ ይችላል። የሚያሰጋው ከሥሩ አፈር የሸሸበት ወለል ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሌላ ቦታ ይመረጥ።

"ውሃ ልኩ መሃል ከቆመ አለቀ"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መርከብ ላይ ያለ ቶርኖ ወለሉ እየተወዛወዘም በትክክል ይቆርጣል፤ ቁም ነገሩ አልጋው አለመጠማዘዙ ነውና። የአናጢ ውሃ ልክ ይህን አያሳይም። በሜትር 0.02 ሚሊ ሜትር የሚያነብ የማሽን ውሃ ልክ በአልጋው ላይ አግድም ይቀመጥና በሁለቱም ጫፍ ይነበብ፤ ንባቦቹ እኩል መሆን አለባቸው።

መሣሪያው ከሌለ፣ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ከማንድሪኖው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ ይታሰር። ጭራው ሳይደግፈው፣ የቢላው ልክ ሳይቀየር፣ በሁለቱም ጫፍ በስሱ ተላጭቶ በማይክሮሜትር ይለካ። የማንድሪኖው ራስ (ማንድሪኖውን የሚሸከመው የማሽኑ ክፍል) በትክክል የተገጠመ ከሆነና የውጪው ጫፍ ከወፈረ፣ በጭራው በኩል ያለው የፊት እግር (ሠራተኛው የሚቆምበት ወገን) በቀጭን ላሜራ ከፍ ይደረጋል። ከቀጠነ የኋላው።

"ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር ይሻላል"

አልጋው የተሠራበት ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ጠንካራ ቢመስልም ይጎብጣል። ከእግሩ ሥር ክፍተት እያለ ብሎን ከጠበቀ አልጋው አብሮ ይጠመዘዛል። መጀመሪያ ክፍተቱ በላሜራ ይሞላ፤ ከዚያ ጥቂት በጥቂት እየጠበቀ በየመሃሉ ይለካ። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ልኬቱ ይደገም፤ ማሽኑ ወለሉ ላይ ሲደላደል ይቀየራልና።

"ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ቤት ውስጥ አይሠራም"

በኢንቨርተር (የአንድ ፌዝ ኤሌክትሪክን ወደ ሦስት ፌዝ በሚቀይር መሣሪያ) ይሠራል። 230 ቮልት አንድ ፌዝ የሚቀበለው ተራ ኢንቨርተር የሚያወጣው 230 ቮልት ሦስት ፌዝ ነው። የሞተሩ ሰሌዳ 230/400 የሚል ከሆነ ሽቦው በዴልታ (የሞተሩ ሦስት ጥቅሎች ጫፍ ለጫፍ በሚያያዙበት አሠራር) ይታሰር፤ 400/690 ከሆነ ግን በዚህ መንገድ ጉልበት አያገኝም። የማሽኑ አሮጌ ማብሪያ በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል አይግባ፤ ሞተሩ እየዞረ መስመሩ ከተቆረጠ ኢንቨርተሩ ሊበላሽ ይችላል። ማንድሪኖው በጥርስ የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በተቃራኒ ዙር ሊፈታ ስለሚችል፣ የዙሩ አቅጣጫ ማንድሪኖው ከመገጠሙ በፊት ይፈተሽ።